መጽሐፉን በ15 ዶላር ብሸጠው ምን አለበት?

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሁለት ዓመት ተኩል ለፍቼ አንድ የሮል ፕሌይ ጨዋታ ጽፌያለሁ፤ በእንግሊዝኛ። 128 ገጽ ነው። መጠኑ ኤ5፣ ውስጡ ጥቁርና ነጭ። ፒዲኤፉን ኢች ዶት አይኦ የሚባለው የጨዋታ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ በ10 ዶላር አውጥቼ 210 ሰው ገዝቶታል፤ ተቆራርጦ 1,800 ዶላር ያህል ገብቶልኛል። ለሰዓሊና ለአርታኢ የከፈልኩት 2,600 ነው። አሁን ሰው ‹ወረቀቱ የታለ?› ይለኛል። ማተሚያ ቤት ጠይቄ ነበር። 100 ካሳተምኩ አንዱን በ8.10 ዶላር፣ 300 ከሆነ በ5.20፣ 1,000 ከሆነ በ2.90 እንሠራለን አሉኝ፤ በክር ተሰፍቶ። ሙጫ ብቻ ከሆነ ከየአንዳንዱ 60 ሳንቲም ይቀንሳል። አንዱ ጓደኛዬ 15 ዶላር ይበቃል ይላል፤ ሌላው 40 በል ይለኛል። እኔ ሰው መዝረፍ አልፈልግም። ፍትሐዊው ዋጋ ስንት ነው? ስንትስ ላሳትም? ወደፊት የአማርኛ እትም የማውጣት ሐሳብም አለኝ።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ጨርሶ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው። አንባቢው «ወረቀቱ የታለ?» ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ሮል ፕሌይ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ነው። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ ዳይስ እየወረወሩ፣ ታሪኩን አብረው ይፈጥሩታል። የሚታተመው መጽሐፍ የጨዋታው ሕግ ነው። እኔ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሆኜ የምሠራው የትናንሽ አሳታሚዎችን እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ለማተሚያ ቤት ማሰናዳት ነው።

መልሴን ቀድሜ ልንገርህ። 300 አሳትም። በ30 ዶላር ሽጥ። ወረቀቱን ለገዛ ሁሉ ፒዲኤፉን በነጻ ስጠው።

15 ያለህ ጓደኛህ ክፉ አላሰበም። እኔም ድሮ እንደሱ ነበር የማስበው። ከዓመታት በፊት የራሴን ትንሽ ጨዋታ ይዤ እዚሁ ከተማ አንድ የጨዋታ ሱቅ ገባሁ። የሽፋኑ ዋጋ 18 ዶላር ነበር። ባለሱቁ ተቀበለኝና መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን አየ። ከዚያ መሃሉን ከፍቶ ጥቂት አነበበ። ሳቅ አለ። ወዶታል፤ ፊቱ ላይ ይታያል።

«ለእኔ ስንት ነው?» አለኝ።

የአንዱ ወጪ 8 ዶላር አካባቢ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «13።»

መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «አንተ ራስህ በ18 እየሸጥከው፣ እኔ ለ5 ዶላር ብዬ መደርደሪያዬን ልስጥህ?» አልተቆጣም። እንዲያውም ቡና ጋበዘኝ። መጽሐፉን ግን አልወሰደም።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የሽፋን ዋጋ በእኔና በአንባቢው መካከል ብቻ የሚቆም ቁጥር አለመሆኑን ነው። መጽሐፉን የሚነካ ሰው ሁሉ ከዚያች ቁጥር ይበላል። ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ዋጋ ነው የሚገዛው። አከፋፋይ መሃል ከገባ ካንተ የሚገዛው በሽፋኑ ዋጋ 40 በመቶ አካባቢ ነው፤ ትንሽ ጨምሮ ለሱቁ ያስተላልፈዋል። ይህ ስግብግብነት አይደለም። ባለሱቁ ኪራይ አለበት፣ ሠራተኛ አለው፣ ሳይሸጥ የሚቀረው መጽሐፍም የእሱ ዕዳ ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚተመነው ከመጨረሻው ሰው ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። «ለማሳተም 5 ዶላር አወጣሁ፤ 10 ልጨምርበት» ብሎ ከፊት መነሳት የኔን ዓይነት ቡና ያስጠጣል።

ያንተን ሒሳብ እንሥራው።

300 ቅጂ በ5.20 ሲባዛ 1,560 ዶላር ነው። ማጓጓዣውን በየአንዳንዱ 40 ሳንቲም ብለን 120 እንጨምር፤ 1,680 ሆነ። ለሰዓሊና ለአርታኢ ካወጣኸው 2,600 ውስጥ 1,800ውን ፒዲኤፉ መልሶልሃል፤ 800 ይቀርሃል። አሁን ያልጻፍከውን ወጪ እኔ ልጻፍልህ፤ የራስህን ድካም። የሁለት ዓመት ተኩሉን በሰዓት እናስላ ብንል መጽሐፉ 200 ዶላር ይገባል፤ እሱን እንተወው። ግን ዜሮ አትበል። 1,200 ዶላር ጻፍ። ጠቅላላው 3,680 ደረሰ።

ይህን ለ300 አታካፍለው። ሰዓሊው ቅጂ ይፈልጋል፣ አርታኢው ይፈልጋል፣ ጨዋታውን የሞከሩልህ ልጆች ይገባቸዋል። ሃያሲ ትልክለታለህ። ፖስታ ቤት ጥቂቱን ያጣምምልሃል። እናትህም ትወስዳለች፤ እንግሊዝኛ ባታነብም። 30 ቅጂ ሳይሸጥ እንደሚሄድ ቁጠርና ለ270 አካፍል። አንዱ ቅጂ 13.63 ዶላር ወጣበት።

እስቲ የጓደኛህን 15 በዚህ እንለካው። ራስህ በኢንተርኔት ስትሸጥ የካርድ ክፍያው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል፤ 74 ሳንቲም መሆኑ ነው። ጠንካራ ፖስታው 80 ሳንቲም ነው እንበል። የተረፈህ 13.46፤ የወጣብህ 13.63። አንድ ቅጂ በሸጥክ ቁጥር 17 ሳንቲም ትጨምርበታለህ ማለት ነው። ያውም ራስህ ሸጠኸው፣ ራስህ አሽገኸው። በሱቅ ከሆነ 7.50 ተቀብለህ ከ6 ዶላር በላይ ትከስራለህ። የሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

በ30 እንየው። ራስህ ስትሸጥ ከካርዱና ከፖስታው በኋላ 28.03 ይቀርሃል፤ ወጪው ሲነሳ 14.40። ሱቅ ሲገዛህ 15 ትቀበላለህ፤ 1.37 ይተርፍሃል። የካርቶኑን መላኪያ አንተ ቻል ካሉህ እሷም ትጋመሳለች። ጥቂት ናት፤ ግን ከዜሮ በላይ ናት። ሱቁ ያንተን መጽሐፍ በማያውቁህ ሰዎች ፊት አቁሞልሃልና እኔ እዚህ ላይ አልነጫነጭም። በአከፋፋይ ግን 12 ተቀብለህ 1.63 ትከስራለህ። ስለዚህ በመጀመሪያው ኅትመት አከፋፋይ ጋ አትሂድ። ሁለተኛ ኅትመት ላይ የሰዓሊውና የአርታኢው ወጪ ስለማይደገም ያን ጊዜ ታስብበታለህ።

28 ዶላር ብትለኝ፣ ሱቁ ላይ የሚቀርህ 37 ሳንቲም ነው። አንድ ካርቶን ዝናብ ቢመታው አለቀ። 40ስ? 40 ለአንተ ይመችሃል፤ በአከፋፋይ እንኳ 2.37 ይተርፍሃል። ግን መጽሐፍህ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ስስ ሽፋን ነው፣ ስምህንም ገና ብዙ ሰው አያውቀውም። ከጎኑ ማን እንደሚቆም አስብ። ከሮል ፕሌይ ሁሉ የታወቀው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የ2024 የተጫዋቾች መጽሐፍ 384 ገጽ ነው፤ ሙሉ ቀለም፣ ጠንካራ ሽፋን፣ 49.99 ዶላር። አንባቢው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ላይ ነው። ኩባንያው እጅግ በብዙ ቁጥር ስለሚያሳትም ያን ዋጋ ይችለዋል፤ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይደለም። ሆኖም አንባቢው ማነጻጸሩ አይቀርም። በኔ ግምት 30 ላይ እጁ ኪሱ ይገባል፤ 40 ላይ «ትንሽ ላስብበት» ይላል። ያ ሰው ደግሞ አይመለስም።

በነገራችን ላይ ያው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ሌክ ጄኔቫ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በእጅ የተሰናዳ ሳጥን ነበር። 1,000 ታተመ፤ አንዱ በ10 ዶላር ተሸጠ። ውስጡ ሦስት ትንንሽ ቡክሌቶች። ያ 10 ዶላር በዛሬ ገንዘብ ከ60 ያልፋል። ያኔም ውድ ነው ያለ ሰው ነበር፤ ሳጥኖቹ ግን ዓመት ሳይሞላ አለቁ።

«ሰው መዝረፍ አልፈልግም» ያልከው ልቤን ነክቶታል። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይሳሳታል ብዬ ስለማስብ ትንሽ ልቆይበት። አቅም ለሌለው ተጫዋች ማሰብ ጥሩ ነው። ይህን የምታደርግበት ቦታ ግን ወረቀቱ አይደለም። ወረቀቱን በ5 ዶላር ስትቀንስ ቅናሹ ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ደመወዙ ካንተ አሥር እጥፍ ለሆነው ሰውም። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ደግሞ 25ም ቢሆን አይገዛም። ፒዲኤፍ ግን ሲባዛ ወጪ የለውም። ኢች ዶት አይኦ ላይ «ኮሚዩኒቲ ኮፒ» የሚሉት ልማድ አለ። ጸሐፊው የተወሰነ ነጻ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ሰው በገዛ ቁጥር ይጨመርበታል፤ የቸገረው ማንም ሳይጠይቀው ይወስዳል። እሱን ክፈት። 50 ቅጂ አስቀምጥ፣ አንድ ሲሸጥ አንድ ጨምር። ከዚያ ወረቀቱን በ30 ስትሸጥ ማታ እንቅልፍ አያጣህም።

ሌላም አለ። አንተ 15 ስትል፣ በሚቀጥለው ወር 30 ብሎ የሚወጣው ልጅ ሌባ ይመስላል። ዘርፉ ትንሽ ነው። አንዱ የሚጽፈው ዋጋ ለሌላው ሚዛን ይሆናል። ገንዘብ የማይቸግራቸው ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው ሠርተው በኪሳራ ስለሚሸጡ ነው ይህን ሥራ እንጀራው ያደረገ ሰው የሚቸገረው።

ፒዲኤፉን በነጻ ስጥ ያልኩህ ከራሴ የመነጨ አይደለም። በዘርፉ እየተለመደ የመጣ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ ቢትስ ኤንድ ሞርታር የሚባል የአሳታሚዎች ስምምነትም አለ፤ መጽሐፉን ከአባል ሱቅ የገዛ ሰው ፒዲኤፉን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። ለባለሱቁም ከኢንተርኔቱ እኩል የሚቆምበት መሣሪያ ሆነለት።

ወደ ብዛቱ እንምጣ። 1,000 በ2.90 የሚለው ቁጥር እንቅልፍ ይነሳል፤ አውቀዋለሁ። 300ው 1,560 ሲሆን 1,000ው 2,900 ነው። «1,340 ጨምሬ 700 ቅጂ ካገኘሁማ!» ትላለህ። አንድ ቅጂ ስንት እንደሚመዝን አስበህ ታውቃለህ? 128 ገጽ 64 ቅጠል ነው። በ90 ግራም ወረቀት ከነሽፋኑ ወደ 200 ግራም ይመጣል። 1,000 ቅጂ ማለት 2 ኩንታል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ 2 ኩንታል ጤፍ የት ታስቀምጣለህ? ጤፉ እንኳ ይበላል። እኔ ከአልጋዬ ሥር ካርቶን ይዤ አራት ቤት ተከራይቻለሁ።

ገዥህን ቁጠር። ፒዲኤፍ ከገዙት ውስጥ ወረቀቱን የሚደግመው፣ ከኔ ልምድ ስነሳ፣ ከአራት አንዱ ነው። ከ210ው 50 ያህል። ወረቀት ብቻ የሚገዛ አዲስ ሰው፣ ጥቂት ሱቅና አንድ ሁለት ኮንቬንሽን (የጨዋታ ትርዒት) ቢጨመር 300ውን በአንድ ዓመት ተኩል ትጨርሰዋለህ ብዬ እገምታለሁ። ሲያልቅ እንደገና አሳትም። «አልቋል» የሚለው ቃል ለመጽሐፍ መጥፎ ማስታወቂያ አይደለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ውስጥ አትግባ፤ በተለይ በክሬዲት ካርድ።

አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ሲታዘዝ ብቻ ማተም። ድራይቭ ስሩ አርፒጂ የሚባለው የሮል ፕሌይ መጻሕፍት መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ፋይሉን ታስቀምጣለህ፣ ሰው ሲያዝ አንድ ቅጂ ታትሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንተ ካርቶን አትነካም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከሽፋኑ ዋጋ የማተሚያው ወጪ ይነሳል፣ ከተረፈው ያንተ ድርሻ ለረጅም ጊዜ 65 በመቶ ሆኖ ቆይቷል፤ ለእነሱ ብቻ ከሸጥክ 70። ማተሚያው 6.50 ቢሆን፣ ከ30 ላይ 23.50 ይቀራል፤ 65 በመቶው 15.28 ነው። የሰዓሊውን፣ የአርታኢውንና የድካምህን ድርሻ 7.41 (2,000 ለ270 ሲካፈል) ስታነሳለት 7.87 ይተርፋል። ራስህ አሳትመህ ራስህ ስትሸጥ ከሚቀርህ 14.40 ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በምትኩ ግን አምስት ሳንቲም አላስቀመጥክም። ገንዘቡ ከሌለህ ከዚህ ጀምር፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጉድለቱ ሱቅ በዚያ መንገድ በግማሽ ዋጋ አለመግዛቱ ነው። ጠረዛውም ሙጫ ነው፤ ስለሱ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

300ውን ከኪስህ ከማውጣት አስቀድመህ ትእዛዝ ብትሰበስብ ይሻላል። ኪክስታርተር የሚባለው፣ ሰው ገና ላልታተመ ሥራ አስቀድሞ የሚከፍልበት ድረ ገጽ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየካቲት አካባቢ ለትንንሽ የጨዋታ ቡክሌቶች የሚያዘጋጀው ዚን ክዌስት ለብዙ ጀማሪ በር ከፍቷል። ያንተ 128 ገጽ ለዚያ ወፈር ይላል፤ ግን ተራ ዘመቻም ቢሆን ይሠራል። የሚቆርጡት 5 በመቶ ነው፤ ለክፍያው ደግሞ 3 በመቶና 20 ሳንቲም። ከ30 ዶላር 2.60 ይሄዳል። አንድ ወጥመድ አለው። የመላኪያውን ገንዘብ በዘመቻው ውስጥ ከሰበሰብክ ከእሱም ላይ ይቆርጡብሃል። መላኪያውን መጽሐፉ ሊላክ ሲል ለየብቻ ጠይቅ። ይህን በዘመቻው ገጽ ላይ አስቀድመህ በግልጽ ጻፍ። አለዚያ የስድብ ዶፍ ነው። ደግሞ ግቡ ሲያልፍ «ይህንንም እጨምራለሁ፣ ያንንም» እያልክ ቃል አትግባ። ስንት መጽሐፍ በተጨመረ ፖስተርና ካርድ ሒሳቡ ተናግቶ አይቻለሁ። የአንተ ጥቅም አሜሪካ መሆንህ ነው። አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ ኪክስታርተር ላይ በራሱ ስም ዘመቻ መክፈት አይችልም፤ ኢትዮጵያ ከሚፈቀዱት አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም።

መላኪያ ላይ ቶሎ ልለፍ። አሜሪካ ውስጥ የፖስታ ቤቱ ሚዲያ ሜይል ለመጽሐፍ ርካሽ ነው። ሳጥን ውስጥ ዳይስ ከጨመርክ ግን መጽሐፍ መሆኑ ይቀራል። ይህ በአውሮፓም ይከተልሃል። እንግሊዝ መጽሐፍን ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ታስገባለች፤ የጨዋታ ሳጥን ላይ 20 በመቶ ትጥላለች። ጀርመን ለመጽሐፍ 7፣ ለጨዋታ 19 በመቶ ነው። እና ዳይስ ልጨምር ካልከኝ አትጨምር እልሃለሁ። አዲስ አበባ ላሉት ጓደኞችህ ደግሞ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ላክ። አምስት ቅጂ አንድ ኪሎ ነው፤ ማንም እሺ ይላል።

ከማሳተምህ በፊት ከሰዓሊው ጋር የተጻጻፍከውን መልእክት መልሰህ አንብብ። ክፍያው ለፒዲኤፍ ብቻ ከነበረ ለወረቀቱ እንደገና መነጋገር አለብህ። ብዙዎቹ በትንሽ ጭማሪ ይስማማሉ፤ አንዳንዶቹ አሥር ቅጂ ስጠኝ ይላሉ። ሳይጠየቁ ሥዕላቸውን ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ግን ሌላ ነገር ነው። ፍትሐዊ ዋጋ ስትል እነሱንም ቁጠር።

አይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ለሱቅ ያስፈልግሃል። አሜሪካ ውስጥ አንዱ 125 ዶላር፣ አሥሩ 295 ነው። የአማርኛውን እትም ካሰብክ አሥሩን ግዛ፤ እያንዳንዱ እትም የራሱን ቁጥር ይፈልጋል። ያንተ ስሌት ውስጥ አላስገባሁትም፤ ከድካምህ ላይ ይነሳል፤ ይቅርታ።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ፦ በምንም ቦታ ከሽፋኑ ዋጋ በታች አትሽጥ። እዚህ ኮሎምበስ በየጁኑ ኦሪጅንስ የሚባል የጨዋታ ኮንቬንሽን ይካሄዳል። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ካርቶን ተሸክሞ መመለስ ሲያስጠላ «20 ዶላር፣ 20 ዶላር» የሚል አይጠፋም። ያን ባለሱቁ ሰማ ማለት ነው። ሰው ደስ እንዲለው ከፈለግክ የታተመ ካርታ ወይም የገጸ ባሕርይ ቅጽ ጨምርለት፤ ዋጋውን ግን አትንካው።

ስለ አማርኛው እትም ጥቂት ልበል። ሲታዘዝ በሚታተመው መንገድ አውጣው፤ ገበያው ገና ነውና 300 አታሳትም። ፊደላችን በእንግሊዝኛው መጠን አይነበብም። እንግሊዝኛው በ9 ነጥብ ቢያምር፣ አማርኛውን ከ11 አታሳንሰው፤ ጨ እና ጬ በ9 ነጥብ ርካሽ ወረቀት ላይ አንድ ይሆናሉ። የመስመሩንም ርቀት ሰፋ አድርገው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያለ ክፍያ ለሽያጭ መጽሐፍ መጠቀም ይፈቀዳል። ሌላ ፎንት ካማረህ ፈቃዱን አንብብ። ከሁሉ የሚከብድህ ግን «ጌም ማስተር»ን ምን ብለህ እንደምትተረጉመው ነው። እኔ «ተራኪ» እላለሁ፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

በመጨረሻ ፋይሉና ጠረዛው። ለስክሪን የሠራኸው ፒዲኤፍ ለማተሚያ አይሆንም። ሥዕሎቹ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ይሁኑ። ከገጹ ጠርዝ የሚወጣ ሥዕል ካለ 3 ሚሊሜትር አስረዝመው፤ ቢላዋው ያን ነው የሚበላው። ጽሑፉ ከንጹሕ ጥቁር ብቻ የተሠራ ይሁን። እኔ አንዴ ናሙና ሳላይ «አትሙት» ብዬ የሠንጠረዡ ጽሑፍ ከአራት ቀለም የተሠራ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ፊደሎቹ ጥላ አወጡ። ስህተቱ የኔ ነበር፤ 250 ቅጂም የኔ ሆነ። 128 ገጽህ ደግሞ ስምንት ጊዜ 16 ስለሆነ ለስፌት የተመቸ ነው። ገጽ አትጨምርበት፤ 130 ካደረግከው ዋጋው ይዘላል።

60 ሳንቲሟንም አትቆጥባት። በ300 ቅጂ 180 ዶላር ናት። ልብ ወለድ ሰው በእጁ ይዞ ነው የሚያነበው። ያንተ መጽሐፍ ግን አምስት ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይቀመጣል። በሙጫ ብቻ የተጠረዘው ራሱን ይዘጋል። ተራኪው ስልኩን ወይም የቢራ ጠርሙሱን ይጭንበታል፤ ጀርባው ቋ ይላል። በሦስተኛው ጨዋታ ገጹ ይወልቃል። ሁልጊዜ የሚወልቀው ደግሞ ገጸ ባሕርይ የሚሠራበት ገጽ ነው፤ ሁሉም የሚከፍተው እሱን ነዋ።

ማተሚያ ቤቱ ናሙና ሲልክልህ ሽፋኑን ለማየት አትቸኩል። መሃሉን ክፈት፣ በመዳፍህ አንዴ ዳበስ አድርገው፣ ጠረጴዛ ላይ ተወውና ቡናህን አፍላ። ስትመለስ ተከፍቶ ካገኘኸው አትሙት በላቸው።